ስለ ትሮምቦኑ ጉዳይ በጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ከድንኳኑ ኪራይና ከወንበሮቹ ቆጠራ ቀጥሎ የቀረን አጀንዳ በዕቃ ቤታችን ያለው ትሮምቦን ነው። በደርግ ዘመን ከነበረው የኪነት ቡድን የተረፈው፣ ልጆች «ረጅሙ ጥሩምባ» የሚሉት ማለት ነው። ቁራሌው በኪሎ ልግዛችሁ ብሎናል። አንዳንድ አባላትም «ማን ሊነፋው ነው፣ ይሸጥና ድስት ይገዛበት» ብለዋል። እኛ የኮሚቴው ሰዎች ግን ምንነቱ ሳይታወቅ አይሸጥ ብለን ጥቂት ጠያይቀን መጥተናል።

ትራምፔት የሚጫኑ ሦስት ቁልፎች አሉት። ይሄኛው ቁልፍ የለውም፤ ነፊው ቱቦውን በእጁ እየገፋና እየሳበ ነው ድምፁን የሚያወጣው። ሰባት ማረፊያ አለው፤ ግን ቱቦው ላይ ምልክት የለም፣ በጆሮ ነው የሚገኘው። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ጭራው ላይ እንደሚያንሸራትት ያለ ነው። ለእኛ ዘፈን ቅላጼ ይመቻል የምንለውም ለዚሁ ነው።

ጃዝ በተወለደበት በአሜሪካ፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ሙዚቀኞች በጋሪ ላይ ሆነው በየመንደሩ እየዞሩ ይጫወቱ ነበር። ትሮምቦን ነፊው ቱቦው የሰው ጀርባ እንዳይወጋ ከጋሪው መጨረሻ ይቀመጣል። ቡና የጫነ አይሱዙ ላይ ኋላ ጫፍ የሚቀመጠውን ረዳት አስቡት። ኪድ ኦሪ የሚባለው ሰው በዚህ አነፋፍ ታውቋል። እኛን በጣም የገረመን ግን በዱክ ኤሊንግተን ባንድ የነበረው ትሪኪ ሳም ናንተን ነው። የተደፈነ ቧንቧ የሚከፈትበትን የላስቲክ ቆብ በመሣሪያው አፍ ላይ ከፈት ከደን እያደረገ እንደ ሰው ያናግረው ነበር፤ ያጉረመርማል፣ ያለቅሳል። እንግዲህ ላስቲኩ ስንት ብር ነው? ኋላ ደግሞ ጄ ጄ ጆንሰን መጣና ከፍጥነቱ የተነሳ «ቁልፍ ያለው ነው የያዘው» አሰኘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የነሐስ ባንድም ሆኑ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች በኋላ ገነኑ። ኤሊንግተን ራሱ በኅዳር 1966 ዓ.ም. ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ሰጡት። ያኔ አብሮት የነበረው ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው ጅማ ነው፣ ይኸው እኛው መንገድ ላይ! ከዚያ ወዲያ ኪቦርድ በዛና የነፊዎቹ ረድፍ ሳሳ። ቢሆንም ጌታቸው መኩሪያ በፈረንጅ 2006 ከሆላንዶቹ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ሲያሳትም ዮስት ባውስ የሚባል ትሮምቦን ነፊ አብሮት አለ። የሰማችሁት ታውቃላችሁ፣ ከሳክስፎኑ ጋር እንዴት እንደሚስማማ።

ጥፋቱ የእኛው መሆኑን አንደብቅም። ጣራው በሚያፈስበት ጥግ አስቀምጠነው ቱቦው ተጣብቋል፤ አፉም ጎድብቷል። አንድ የራዲያተር ሠራተኛ ግን አይቶት «ይቃናል፣ በመዶሻ ብቻ አትንኩት» ብሏል። ሁለት የሰፈራችን ልጆችም እንማራለን ብለው ስማቸውን አስመዝግበዋል።

ስለዚህ በመጪው እሑድ ከቡና በኋላ በእጅ ብልጫ እንወስናለን። እስከዚያ ቁራሌው ቢመጣ ዕቃ ቤቱን የሚከፍትለት አይኑር፤ ቁልፉ ከገንዘብ ያዧ ዘንድ ነው።