ለኩላሊት የታዘዘ፣ ኩላሊት ያጠፋ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ ከምሳ በፊት የሚናገር ሰው ግን ሃያውንም ባይጨርስ ይመሰገናል።

ፋርማሲ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ለንግድ ጓንጁ ደርሶ የሚመለስ ሰው ከዕቃው ጋር "የኩላሊት ጠጠር ያሟሟል" የተባለ የቅጠል ፓኬት ይዞ ይመጣል። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና "ዶክተር፣ ይሄን ልጠጣው?" ይላል። ምን ትሉታላችሁ?

"የቻይና ቅጠል ሁሉ መርዝ ነው" የሚል መልስ አልወድም። በየጤና ጣቢያው ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም መነሻው የእኛ የአሪቲ ዘመድ የሆነ የቻይና ተክል ነው፤ ቱ ዩዩም ለዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። "ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም" የሚለውም ያው ነው፣ መልስ አይሆንም።

ለጠጠር በጣም የታወቀው ቅጠል ጂን ቺየን ጻው ይባላል፤ የወርቅ ሳንቲም ሣር እንደማለት ነው። ችግሩ እዚሁ ይጀምራል። በሲቹዋን በዚህ ስም የሚሸጠው ቢጫ አበባ ያለው፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ሣር ሲሆን፣ በጓንግዶንግ የሚሸጠው ግን ከባቄላ ቤተሰብ የሆነ ሌላ ተክል ነው። ይህኛው በአይጦች ላይ የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር መፈጠርን እንደሚቀንስ ታይቷል። በሰው ላይ ያሉት ጥናቶች ግን ትንንሽና ደካማ ናቸው። ደግሞ አትርሱ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ሰውዬው ቅጠሉን አፍልቶ በቀን ሦስት ሊትር ይጠጣል፣ ጠጠሩ ይወርዳል፣ ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ውሃውን ማን ያስታውሰዋል?

እስከዚህ ድረስ ብዙ ጉዳት የለም። ወደ ብራስልስ ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ ስለ ጠጠር ሳይሆን ስለ ውፍረት ነው፣ ግን ወደ ጠጠሩ እንመለሳለን።

እዚያ በሚገኝ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በሚሰጠው መድኃኒት ላይ ሁለት የቻይና ዕፆች ተጨመሩ። ከሁለቱ አንዱ ፋንግ ጂ መሆን ነበረበት። የመጣው ግን ጓንግ ፋንግ ጂ ነው። በስም የአንድ ቃል ልዩነት፤ በተክል ግን ፈጽሞ የተለያየ ቤተሰብ። ሁለተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1993 ፕሮፌሰር ቫንኸርዌገምና ባልደረቦቻቸው ኩላሊታቸው በፍጥነት የደከመ ወጣት ሴቶችን ታሪክ ላንሴት ላይ አወጡ፤ ውሎ አድሮ የታማሚዎቹ ቁጥር ከመቶ በላይ ደረሰ። ብዙዎቹ ለዲያሊሲስና ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ። በዚህም አላበቃም። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ በኋላ ኩላሊታቸውና የሽንት ቱቦቸው እንዲወጣ ከተስማሙ 39 ሰዎች መካከል በ18ቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። እነዚህ ሴቶች ታመው አልነበረም እኮ ወደ ክሊኒኩ የሄዱት።

አሁን ወደ ጠጠራችን። ባ ጀንግ ሳን የሚባል፣ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ የስምንት ንጥረ ነገሮች ቅመማ አለ፤ ሽንት ሲያቃጥልና ጠጠር ሲያስቸግር ይታዘዛል። ከስምንቱ አንዱ ሙ ቶንግ ነው። የድሮው ሙ ቶንግ ጉዳት የሌለው ሐረግ ነበር። በጊዜ ሂደት ግን ገበያው ላይ ቦታውን ጓን ሙ ቶንግ የሚባል የሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሐረግ ያዘው፤ ይህኛው ያንኑ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተሸከመ ነው። ኩላሊቱን ሊያድን የሚጠጣ ሰው ኩላሊቱን የሚያጠፋ ነገር ይጠጣ ነበር ማለት ነው፤ የመጽሐፉ ማዘዣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ። ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. በ2003 ጓን ሙ ቶንግን አግዳ፣ ከ2005ቱ ፋርማኮፒያዋም አውጥታዋለች። በአሮጌ ክምችትና በድንበር ንግድ ያለውን ግን እገዳ ሁሉ አይደርስበትም።

ሐኪሞቻችን ይህን ያዙልኝ። ጉዳቱ ድምፅ የለውም። ሕመም የለም፣ በሽንት ውስጥ የሚታየው ፕሮቲንም ጥቂት ነው። የደም ስኳሩ ደህና ሆኖ ሽንቱ ውስጥ ስኳር ካያችሁ፣ የደም ማነሱም ከክሪያቲኒኑ ጋር አልመጣጠን ካለ፣ "ምን ቅጠል ጠጥተሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁ ፊታችሁን አታኮሳትሩ፤ የተቆጡት በሽተኛ አይናገርም፣ ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን። መልሱን ካርዱ ላይ ጻፉት። ስሙ ብቻ አይበቃም፣ ፓኬቱን ያምጣ።

መምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የፋርማኮግኖሲ የተግባር ሰዓት ሲቀነስ እሰማለሁ። ቅጠልን በማይክሮስኮፕ መለየት ያረጀ ሙያ ይመስላል፤ ብራስልስ ውስጥ ያኔ የጎደለው ግን እሱ ነው። ለእኛም ቢሆን "ሬት" ስንል ስንት ዓይነት ሬት አለ? ሰዓቱ ይመለስልን።

ጓንጁ ደርሳችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ቤት ያለውን ፓኬት አትጣሉት። የቻይንኛ ጽሑፉ እንዳይቀደድ አድርጋችሁ ወደ ቤተ ሙከራችን አምጡልኝ፤ ክሮማቶግራፊ ላይ እናየዋለን፣ ክፍያ የለውም። እስከዚያው ግን አትጠጡት።

ምሳው ቀርቧል መሰለኝ።