ክሪዮላይት፦ ለስላሳው ማዕድንና የካልሲየም ድርሻ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ክሪዮላይት የተባለውን ማዕድን ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «የውርጭ ድንጋይ» እንደ ማለት ነው። ሶዲየም፣ አሉሚኒየምና ፍሎሪን ተዋሕደው ያስገኙታል። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 2.5 አካባቢ ስለሚገኝ ቢላዋ በቀላሉ ይጭረዋል። ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.34 ገደማ፣ የውኃ ደግሞ 1.33 በመሆኑ፣ ጥርት ያለው ስባሪ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሳይሟሟ ከዓይን ይሰወራል።

ዝናው የመጣው ከአሉሚኒየም ጋር ነው። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልጋለ አይቀልጥም። አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ እ.ኤ.አ. በ1886 በየፊናቸው እንዳሳዩት ግን፣ በቀለጠ ክሪዮላይት ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ በታች ይሟሟል፤ ከዚያም ብረቱን በኤሌክትሪክ መለየት ይቻላል።

ይህ ማዕድን በከፍተኛ ክምችት የተገኘባቸው ስፍራዎች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ዋነኛው በግሪንላንድ፣ ኢቪቱት የተባለው ስፍራ ነበር። ስለምን? የግራናይት ማግማ ሲቀዘቅዝ ፌልድስፓርና ኳርትዝ እየረጉ ይሄዳሉ። ፍሎሪን በእነርሱ ውስጥ ቦታ ስለማያገኝ በመጨረሻ በሚቀረው ፈሳሽ ይከማቻል። ይህ ፈሳሽ በቂ ካልሲየም ካገኘ ፍሎሪኑ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ፍሎራይት ይሆናል፤ ፍሎራይትም በብዙ አገር የሚገኝ ማዕድን ነው። ክሪዮላይት እንዲፈጠር ግን ሶዲየሙ መብዛት፣ ካልሲየሙ ማነስ አለበት። ሁለቱ እምብዛም ስለማይገጥሙ ማዕድኑ ብርቅ ሆነ። የኢቪቱት ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1987 ተዘጋ፤ ዛሬ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ሰው ሠራሹን ነው።

በስምጥ ሸለቋችን ክሪዮላይት ባንቆፍርም፣ ያው የካልሲየም ሕግ በጉድጓድ ውኃችን ውስጥ ይሠራል። ውኃው በእሳተ ገሞራ አለት መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሸከማል። ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ፍሎራይዱ በፍሎራይት መልክ በዘቀጠ ነበር። በብዙ ቦታ ግን ውኃው ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ስለሆነ ፍሎራይዱ እንደ ሟሟ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከዚህ በላይ ለዓመታት ሲጠጣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንትን ይጎዳል። በወንጂ አካባቢ የታየው ይኸው ነው። የከሰለ የከብት አጥንት ለማጣሪያነት የሚያገለግለውም በውስጡ ያለው የካልሲየም ፎስፌት ፍሎራይድን ስለሚይዝ ነው።

ፍሎራይድ በውኃ ውስጥ ቀለም የለውም፤ አይሸትም። ስለዚህ አዲስ ጉድጓድ ውኃው ጠርቶ ስለወጣ ብቻ ለሕዝብ ሊከፈት አይገባም፤ አስቀድሞ ፍሎራይዱ ይለካ፣ ካልሲየሙም አብሮ ይታይ። ለተማሪዎቻችን አደራ የምለው ይህንን ነው።