የሱፍ አበባን ከበሽታ ለመጠበቅ የዘር ጠቋሚ ምልክቶች የሚሰጡት አገልግሎት



ዳውኒ ሚልዲው የተባለው በሽታ የሱፍ አበባን ገና በቡቃያነቱ በሥሩ በኩል ይይዘዋል። የተያዘው ተክል ይቀጭጫል፤ ፍሬውም ይመነምናል። የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ዋነኛው መከላከያ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ መዝራት ነው።

ይሁን እንጂ በአንድ ጂን ላይ ብቻ የቆመ መከላከያ አይዘልቅም። ፒኤል6 የተባለው ጂን በፈረንሳይ አገር በሰፊው ከተዘራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ እርሱን የሚያሸንፉ የበሽታው ዓይነቶች ተገኙ። መፍትሔው ሁለት ጂኖችን በአንድ ተክል ማጣመር ነው። ነገር ግን አንድ ጂን ያለውም ሁለት ያለውም ተክል በማሳ ላይ እኩል ጤነኛ ሆነው ሊታዩ ስለሚችሉ፣ አዳቃዩ በዓይኑ አይለያቸውም።

የጠቋሚ ምልክት ጥቅም የሚገለጸው እዚህ ላይ ነው። ይኸውም ከተፈለገው ጂን አጠገብ የሚገኝና አብሮት የሚወረስ የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል ነው። ከሱፍ አበባ 17 ጥንድ ክሮሞሶሞች መካከል ፒኤል6 በ8ኛው፣ ከዱር ዘመዱ የተወሰደው ፒኤልአርግ ደግሞ በ1ኛው ላይ ይገኛሉ። ለየራሳቸው ምልክት ስላላቸው፣ ከችግኙ ጥቂት ቅጠል መርምሮ ሁለቱንም የያዘውን መለየት ይቻላል።

ምልክቱ ከጂኑ በራቀ መጠን ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ ሊነጣጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ ምልክቱ ምርጫውን ያፋጥናል እንጂ በበሽታው መፈተንን አያስቀርም።