ወጌሻ ዘንድ ከመሄዳችን በፊት



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ እዚህ ኻርቱም የብዙዎቻችን ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ሻይ የምትቀዳ እህታችን ወገቧን ታማለች። በሰው ቤት ልብስ ስታጥብ የምትውለው የእጇ አንጓ ያብጣል። ሲሚንቶ የሚሸከመው ወንድማችን ትከሻውን ማንሣት ያቅተዋል። ሐኪም ቤት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለውም ከደጁ ለመድረስ ይፈራል። ስለዚህ እጁ ጥሩ ነው ወደተባለ ወጌሻ፣ አለዚያም ሱዳኖቹ በሲር ወደሚሏቸው ባለሙያዎች እንሄዳለን።

ወጌሻን ላጣጥል አልመጣሁም። በእሽት የሚገኘው እፎይታ እውነት ነው። ቆዳና ጡንቻ ሲዳሰሱ የሚነሣው ስሜት ሕብለ ሰረሰር ላይ ሲደርስ የሕመሙን መልእክት ያዳክመዋል፤ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1965 አቅርበውታል። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሙቀትንና መታሸትን መክሯል። በቅቤም ይሁን በሰሊጥ ዘይት፣ ወይም የሱዳን ሴቶች በሚያዘጋጁት ድልካ፣ ዋናው ሥራ የእጁ ነው። ሕመሙ ሲሰነብት ግን መታሸት ብቻውን አይበቃም፤ መራመድና ጡንቻን ማጠንከር ያስፈልጋል። ወለምታም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በኃይል መታሸት የለበትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ስብራት ነው። የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ተደግፎ በጨርቅ ይጠፈራል። የተሰበረ አካል ደግሞ ያብጣል። እስሩ አይሰፋምና እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ደም ሥሮችን ይጨቁናል። ደም ያጣ ጡንቻ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። በኢትዮጵያም በሱዳንም የአጥንት ሐኪሞች በዚህ ሰበብ የሕፃናትን እጅና እግር ለመቁረጥ ተገደዋል። የታሰረው ልጅ ሌሊቱን ሲያለቅስ «አጥንቱ እየገጠመ ነው፣ ቻለው» እንለዋለን። እናቶች፣ እባካችሁ ልቅሶውን ስሙት! ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ጣቶቹን ቀና ስታደርጉለት ሕመሙ ከባሰበት፣ ወጌሻውን ሳትጠብቁ እስሩን ፍቱና ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። ውልቃትም ቢሆን ራጅ ሳይታይ አይጎተት፤ ነርቭና ደም ሥር ሊበጠስ ይችላል።

ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሰው ራጅ፣ እዚህ አሺዓ የምንለው፣ ያስፈልገው እንደሆነ መለያ መንገድ አለ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጉብ ያለው አጥንት ከጀርባው ጠርዝ ወይም ከጫፉ ሲጫኑት ካመመው፣ ከእሽት በፊት ይነሣ።

ደግሞ ከናካቴው መታሸት የሌለበት አለ። አንድ ባት ብቻ ድንገት ካበጠና ከሞቀ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሲያሹት ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ቢገባ ይገድላል። የወገብ ሕመም ላይ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ በጭን መካከል መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ከተጨመረ ሰዓት የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ወጌሻ ለሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ ስብራት የጠረጠራችሁትን ሰው «መጀመሪያ ራጅ ተነሣ» ብላችሁ ብትመልሱት ክብራችሁ አይቀንስም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነውም ስብራትን ከሌላ ጉዳት መለየት እንዲችሉ ጭምር ነው። ማኅበራችንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ከመዋጮው ላይ ለራጅ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ለብቻ ይቀመጥ፤ ዓረብኛ የምትችሉም የታመመውን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ለመሄድ ዛሬ ስማችሁን አስመዝግቡ።