በጋም ክረምትም ያልሆነ ወቅት፦ ስለ ጃፓን የናትሱ ዘፈኖች



በርእሴ ላይ አንድ ቃል ሳልተረጉም ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ጃፓኖች «ናትሱ» የሚሉት ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ይይዛል። እንደ መዝገበ ቃላት ልማድ «በጋ» ብንለው የእኛ በጋ ደረቅና አቧራማ ነው፤ ናትሱ ግን በዝናብ ይከፈታል። በቶኪዮ አካባቢ ዝናቡ ከሰኔ መባቻ እስከ ሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ይቆያል። «ክረምት» እንዳንለው ደግሞ ክረምት ለእኛ ጋቢና ምድጃ ነው። በጃፓን ዝናቡ ሲያበቃ የሚመጣው ልብስን ከገላ የሚያጣብቅ ወበቅ ነው፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚደርስበት ቀን «ሞሾቢ» የሚል የራሱ ስም አለው። ስለዚህ ዛሬ «ናትሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የናትሱ ዘፈን የሚባለውን የጃፓን ተወዳጅ ዘፈን ደጋግሞ ያዳመጠ ሰው፣ ዘፈኖቹ ስለ ሙቀቱና ስለ ባሕሩ ከሚናገሩት ይልቅ ስለ ወቅቱ ማለቅ የሚናገሩት ለምን እንደሚበልጥ መጠየቁ አይቀርም። ገና ፀሐዩ በጋለበት ሰዓት ዘፋኙ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። ይህ ለምን ሆነ?

የተለመደው መልስ «ጃፓኖች አላፊ ነገርን ይወዳሉ» የሚል ነው። እኔ ይህ መልስ አያረካኝም፤ ሁሉን የሚያስረዳ የሚመስል ሐሳብ ብዙ ጊዜ አንዱንም አያስረዳምና። ከመንፈስ ይልቅ መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን እንመልከት።

ሃይኩ የሚጽፍ ሰው በልማዱ «ኪጎ» የሚባል የወቅት ቃል ያስገባል። እነዚህ ቃላት «ሳይጂኪ» በሚባሉ መዛግብት በየወቅታቸው ተደርድረው ይገኛሉ። መዛግብቱ የተመሠረቱት በጥንቱ የወቅት አከፋፈል ላይ ነው። በዚያ አከፋፈል መሠረት ናትሱ በሜይ መጀመሪያ ሳምንት ይገባል፤ በኦገስት 7 ወይም 8 ገደማ ደግሞ ያበቃና ቀጣዩ ወቅት «አኪ» ይጀምራል። ጃፓን የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1873 ጀምራ ተቀበለች፤ የቃላቱ ሥርዓት ግን በቦታው ቀረ። ውጤቱ እንግዳ ነው። ኦገስት በሙቀት ከዓመቱ ወራት ሁሉ የከፋው ሆኖ ሳለ፣ በቋንቋው ሥርዓት አብዛኛው ክፍሉ የአኪ ነው። ሰዎች ለወዳጅ የሚልኩት የደኅንነት መጠየቂያ ካርድ እንኳ ከዚያች ቀን በኋላ ስሙ ተቀይሮ «የተረፈ ሙቀት» ሰላምታ ይባላል። ሰው በላብ ተጠምቆ ተቀምጦ ወቅቱ ግን አልፏል። የራሳችንን አቆጣጠር ከሌላው ዓለም ጎን ለጎን ይዘን ለምንኖር ለእኛ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ለመገመት የምንቸገር አይመስለኝም።

ይህን በአንድ ዘፈን እናስረዳ። «ናትሱ ኖ ኦሞይዴ»፣ ትርጉሙም «የናትሱ ትዝታ»፣ በ1949 በጃፓን ብሔራዊ ሬዲዮ በኤንኤችኬ የተሰማ ነው። ግጥሙ የባለቅኔዋ የኤማ ሾኮ፣ ዜማው የናካዳ ዮሺናኦ ነው። ርእሱ በፉኩሺማ፣ በጉንማና በኒጋታ ወሰን ላይ የሚገኘው የኦዜ ረግረግ ነው፤ ተናጋሪው ግን እዚያ አይደለም፤ ከሩቅ ሆኖ ያስባል። ዘፈኑ የሚጠራው «ሚዙባሾ» የተባለው ነጭ አበባ በኦዜ የሚያብበው ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ዘፈኑን ሰምቶ በኦገስት የሚሄድ ጎብኚ ትልልቅ ቅጠሎች እንጂ አበባውን አያገኝም። ባለቅኔዋ ተሳስታለች? አልተሳሳተችም፤ ሚዙባሾ በሳይጂኪው የናትሱ ቃል ነው። የጎብኚው ናትሱና የግጥሙ ናትሱ ሁለት የተለያዩ ወቅቶች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ሙታን ናቸው። በአብዛኛው የጃፓን ክፍል በኦገስት አጋማሽ የ«ኦቦን» በዓል ይከበራል፤ የአያት ቅድመ አያት ነፍስ ወደ ቤት ይመለሳል ተብሎ በእሳት ይቀበሉታል፣ በእሳትም ይሸኙታል። በኪዮቶ ኦገስት 16 ምሽት በአምስት ተራሮች ላይ የሚለኮሰው እሳት የዚሁ ሽኝት አካል ነው። (በዚያው ሰሞን እኛ ዘንድ ቡሄ ችቦውን ያበራል፤ መገጣጠሙ ደስ ይላል፣ ዝምድና ግን የለውም።) ከተሜው ወደ ትውልድ መንደሩ የሚጎርፈው በዚህ ሳምንት ነው። በዚህ ላይ ኦገስት 6 ሂሮሺማ፣ ኦገስት 9 ናጋሳኪ፣ ኦገስት 15 የጦርነቱ ማብቂያ ቀን 1945ን እያስታወሱ ይመጣሉ። በአንድ ወር ውስጥ ይህን ሁሉ ሐዘን የተሸከመ ሕዝብ ስለ ናትሱ ሲዘፍን ድምፁ ዝቅ ቢል አያስገርምም። የሞሪያማ ናኦታሮ «ናትሱ ኖ ኦዋሪ»፣ ማለትም «የናትሱ ማብቂያ»፣ በ2003 ሲወጣ ብዙዎች እንደ ፍቅር ዘፈን ሰሙት፤ ዘፋኙ ግን የፀረ ጦርነት ዘፈን መሆኑን ተናግሯል። በ1990 የወጣው የኢኖዌ ዮሱይ «ሾኔን ጂዳይ» ደግሞ በጦርነቱ ዘመን ወደ ገጠር ስለተላከ ልጅ የሺኖዳ ማሳሂሮ ፊልም ማጀቢያ ነበር። በዚያ ዘፈን ውስጥ «ካዜአዛሚ» የሚል የአበባ ስም የሚመስል ቃል አለ። በየትኛውም የዕፀዋት መጽሐፍ አይገኝም፤ ዘፋኙ የፈጠረው ነው። ሰሚው ግን የሚያውቀው አበባ ይመስለዋል። ከልጅነት ናትሱ ውስጥ የምናስታውሰው ነገር ሁሉ በእርግጥ የነበረ እንዳልሆነ ከዚህ አንድ ቃል በተሻለ ያሳየኝ ጽሑፍ አላነበብኩም።

ገበያውንም መርሳት አይገባም፤ ሥነ ጽሑፍ ለምናስተምር ሰዎች ገበያን መርሳት ቀላል ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመዋቢያ ኩባንያዎች ለየወቅቱ ዘመቻቸው ዘፈን ያሠሩ ነበር፤ የያዛዋ ኤይኪቺ የ1978 ዝነኛ ዘፈን «ጂካን ዮ ቶማሬ» ለሺሴይዶ የናትሱ ማስታወቂያ የዋለ ነው። የርእሱ ትርጉም «ጊዜ ሆይ፣ ቁም» ነው፤ የውበት ቅባት ለሚሸጥ ድርጅት ከዚህ የተሻለ ርእስ አይገኝም። በዚያው ዓመት ብቅ ያለው ሳዘን ኦል ስታርስ የተባለ ቡድን፣ በመሪው በኩዋታ ኬይሱኬ የትውልድ ከተማ በቺጋሳኪ የባሕር ዳርቻ ስሜት ላይ ዝናውን ገነባ፤ ከተማዪቱም በ1999 የመዋኛ ዳርቻዋን በቡድኑ ስም ሰየመች። የዚህ ቡድን «ሱናሚ» የተሸጠው ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነው፤ የባሕር ስሜት ያለው ዘፈን ሆኖ ሳለ የወጣው በጃንዋሪ 2000፣ በብርዱ መካከል ነበር። በ2011 የባሕር ማዕበሉ ከ18,000 በላይ ሰዎችን ገድሎ ወይም አድራሻቸውን አጥፍቶ ካለፈ በኋላ፣ ብዙ የሬዲዮ ጣቢያዎች ለረጅም ጊዜ ከማሰማት ተቆጠቡ። የፍቅር ዘይቤ የነበረው ቃል ተመልሶ ፍቺውን ያዘ።

ስለ ዜማው ባጭሩ። ብዙ የቆዩ የጃፓን የትምህርት ቤት መዝሙሮችና ኤንካ የሚባሉት ዘፈኖች በአምስት ድምፅ ሚዛን የተሠሩ ናቸው፤ የድምፆቹ ርቀት ከእኛ የትዝታ ቅኝት ጋር በሜጀሩም በማይነሩም ይገጥማል። ለዚህም ነው ኢትዮጵያዊ ጆሮ የማያውቀውን ዘፈን «አውቀዋለሁ» የሚለው። ይሁንና ዛሬ የጠራኋቸው ከ1970ዎቹ ወዲህ ያሉት ዘፈኖች በአመዛኙ በዚያ ሚዛን የተሠሩ አይደሉም፤ ስለዚህ የትዝታቸውን ምንጭ ከቅኝቱ ብቻ መቅዳት አንችልም። «ናትሱካሺ» የሚለው የናፍቆት ቃልም ከ«ናትሱ» ጋር የተዛመደው በድምፅ ብቻ ነው፤ ሥሩ «መላመድ፣ መቅረብ» ከሚል ግስ ነው።

አንድ ዘፈን ቀረኝ። ፉጂፋብሪክ የተባለው ቡድን «ዋካሞኖ ኖ ሱቤቴ»ን ያወጣው በኖቬምበር 2007 ነው፤ ስለ ናትሱ የመጨረሻ ርችት የሚናገር ዘፈን በብርድ መግቢያ ወጣ። ደራሲውና ድምፃዊው ሺሙራ ማሳሂኮ በዲሴምበር 24 ቀን 2009 በ29 ዓመቱ ዐረፈ። በጃፓን ብዙ ከተሞች አመሻሽ ላይ በየሰፈሩ ድምፅ ማጉያ አጭር ዜማ ይለቀቃል፤ ልጆች ወደ ቤት የሚገቡበት ሰዓት ነው። ዘፈኑ ይህን የአምስት ሰዓት ዜማ ይጠቅሳል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። የትውልድ ከተማው ፉጂዮሺዳ ደግሞ ከሞቱ በኋላ በናትሱ ወራት የዘፈኑን ዜማ ራሱን በዚያ ድምፅ ማጉያ አሰማች። ልጁን የሚጠራው ዜማ ስለ ልጁ መጠራት የተዘፈነው ዜማ ሆነ። በ2022 ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ የሙዚቃ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

የርእሱ ቃል በቃል ትርጉም «የወጣቶች ሁሉ ነገር» ነው። ከተመራቂ ተማሪዎቼ ጋር ግጥሙን ወደ አማርኛ ስንመልስ በርእሱም፣ በ«ናትሱ»ም አልተስማማንም፤ ግማሾቹ «ሐምሌና ነሐሴ» እንበለው አሉ፣ ሌሎቹ ቃሉ እንዳለ ይቆይ አሉ። ሁለቱም ትርጉሞች በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ታትመዋል። አሁን ቀረጻውን እናሰማችኋለን፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።