የከብት አርቢን ይዞታ ወሰን ስለ ማወቅ



ሰው እርሻውን ወይም ከብቱን በሥርዓት ለማስተዳደር ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው፣ ይዞታው ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚደርስ ነው። ለደጋው ገበሬ ይህ አያስቸግርም፤ ድንበሩ በድንጋይ ወይም በቅንጭብ ተለይቷልና። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ቈላ ላለው ከብት አርቢ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

ጸሓፊ መጥቶ ጎጆውን፣ በረቱንና ለጥጆች የታጠረውን ካሎ ብቻ ቢመዘግብ፣ የሰውየውን ሀብት እኩሌታ እንኳ አልጻፈም። የሚታለቡት ላሞች ወራ ተብለው በመንደሩ አጠገብ ይሰማራሉ፤ የነጠፉትና ወይፈኖቹ ግን ፎራ ተብለው ከጐበዛዝት ጋር ወደ ሩቅ ሣር ይሄዳሉ። ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ጋና፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሀጋያ ይባላል። በእነዚህ ወራት ከብቱ ወደየኵሬው ይበተናል፤ በደረቁ ወራት ወደ ጕድጓድ ይመለሳል። በድሬ በኩል ባሉት በታወቁት ዘጠኙ የቱላ ሰፈሮች ሰዎች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል፤ የየቀኑንም ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። በደረቁ ወራት ከብት በሦስተኛው ቀን ብቻ ይጠጣልና፣ የይዞታው ስፋት በገመድ ሳይሆን ላም ሄዳ ሣር ግጣ ለተራዋ በምትመለስበት መንገድ ይለካል።

ይህ ሳይታወቅ የታቀደ ሥራ ምን እንደሚያመጣ በዚያው አገር ታይቷል። ከ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ወዲህ የመንግሥት የልማት ሥራ በዝናብ ወራት መሰማሪያዎች ላይ በመኪና ታላላቅ ኵሬዎችን አስቈፈረ። ኵሬ መቈፈር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሣሩን የሚያሳርፈው የውኃው መጥፋት እንደ ነበረ አልታሰበም። ውኃው በቈየበት ቦታ ከብቱም ቈየ፤ ሣሩ ዕረፍት አጣ። ሣር ማቃጠልም ተከልክሎ ስለ ነበር ቍጥቋጦው በረታ። ድርቅ በመጣ ጊዜ የሚሸሽበት ሣር የሌለው ከብት አለቀ።

ስለዚህ ተማሪው በሰሌዳው ላይ ካሎውን ሲስል፣ መምህሩ ፎራው ዘንድሮ የት እንደ ዋለ ይጠይቀው፤ የጕድጓዱ ተራ በየትኛው ጎሣ በኩል እንደሚገኝ፣ ለዘመድ የተሰጡት ላሞችም ስንት እንደ ሆኑ ከአባቱ ጠይቆ ይምጣ። የጐረቤት ከብት የሚያልፍበት መንገድ በካሎው አጥር ውስጥ ገብቶ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ለሽማግሎች ይቅረብ፤ ዕቅዱም እስከዚያ ይቈይ።