በራሳችን ስም እንሽጥ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችን በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቅመማ ቅመሙን በቴሌግራምና በፌስቡክ መሸጥ ጀምረናል። «ገዢ እንዲያገኘን የታወቀ ፋብሪካ ስም ማስታወቂያችን ላይ ብናስገባስ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሳ፣ ዛሬ በዚሁ ላይ ጥቂት ልበል።

የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለተመዘገበ ስም ባለቤት መብት ይሰጣል። ሌላ ሰው ያንኑ ወይም የሚመስለውን ስም ለተመሳሳይ ዕቃ ተጠቅሞ ገዢን ቢያሳስት ባለቤቱ ሊከሰው ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ የራስን ዕቃ ከሌላው ጋር ማደናገርንና በማስታወቂያ በሐሰት ማወዳደርን ይከለክላል።

ይህ ማለት ግን የሌላውን ስም መጥራት ሁሉ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። አንዷ እህታችን ፋብሪካ ያመረተውን ዘይት ገዝታ ብትቸረችር፣ የዘይቱን ስም መጻፏ እውነቱን መናገር ነው። በእጇ ያዘጋጀችውን ሽሮ በሌላ ፋብሪካ ስም ብታስተዋውቅ ግን ገዢዋን ታሳስታለች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 በጉግልና በሉዊ ቪቶን ክርክር ተመሳሳይ መለኪያ ተጠቅሟል። የሌላውን ስም የፍለጋ ቁልፍ ቃል አድርጎ ማስተዋወቅ ሁልጊዜ አይከለከልም፤ ተመልካቹ ዕቃው የማን እንደሆነ በቀላሉ መለየት ካልቻለ ግን የስሙ ባለቤት ሊያስቆመው ይችላል። ፍርዱ እኛን ባያስገድድም መለኪያው ይጠቅመናል።

ደግሞስ በሰው ስም የመጣ ገዢ ምን ይዞ ይሄዳል? ሽሮው ቢጥመው ምስጋናው ለፋብሪካው፣ ቢከፋው ወቀሳው ለእኛ ነው። ክስ ቢመጣ፣ መነሻ ገንዘቧን የተበደረችው ከጋራ ቁጠባችን ነውና ጉዳቱ ለሁላችንም ይደርሳል።

ስለዚህ ለየምርታችን የራሱን ስም እናውጣለት። ማን እንዳዘጋጀው፣ የት እንደሚገኝና ዋጋውን በግልጽ እንጻፍ። ስሙ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ከተመዘገበ ጥበቃው 7 ዓመት ይቆያል፤ ይታደሳልም። አዋጁ የጋራ የንግድ ምልክትንም ስለሚያውቅ፣ በማኅበራችን ስም አንድ ላይ ማመልከትን በሚቀጥለው ስብሰባ እንድንወስን እጠይቃለሁ።

በሰው ወርቅ አይደምቁም። የልፋታችን ስም የራሳችን ይሁን።